ባለ ሳሎኑ የፈረስ ተሳቢ

ታናሽ እህቴ አንድ አሮጌ የፈረስ ተሳቢ አላት። ከመኪና ኋላ ተቀጥሎ የሚጎተት ሣጥን ነው፤ ከኋላ በኩል ፈረስ ይቆምበታል፣ ከፊት በኩል ደግሞ ሁለት ሰው ተጣብቆ ይተኛበታል። ቀለሙ የተላጠ፣ በሩ በገመድ የሚታሰር፣ ውስጡ እርጥብ ኮርቻና ድርቆሽ የሚሸት ነገር ነው። እኔ በሰው ቤት ቀንቼ አላውቅም። ስቶክሆልም ውስጥ ውሃ ዳር የተሠሩትን ቪላዎች አይቼ ለባለቤቶቻቸው ይባርክላቸው ብዬ የማልፍ ሰው ነኝ። በዚያ ሣጥን ግን ቀናሁ። አንጀቴ እስኪያር ድረስ ቀናሁ፤ ምክንያቱም አንዲት ልጄ ስፖንጋ ባለው ቤታችን ካለው የራሷ ክፍል ይልቅ እዚያ ውስጥ ስትተኛ ደስ ይላት ነበር።

ነገሩን የጀመርኩት እኔው ነኝ። ልጄ ስምንት ዓመት ሲሞላት የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ሴት ልጆቻቸውን ፈረስ ግልቢያ ያስተምሩ ነበር። ልጄ ከማን አንሳ ብዬ አስመዘገብኳት። ትምህርቱ የሚውለው ቅዳሜና እሁድ ነው። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቬሊንግቢ በምሠራበት ፋርማሲ ተራ ይደርሰኛል፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ የመዘምራን ልምምድ አለ፣ ከልምምዱ በኋላ ስለ ልምምዱ ስብሰባ አለ። እህቴ ያኔ ለትምህርት መጥታ እኔው ቤት ሳሎን ውስጥ ትተኛ ነበር። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ጊዜ እንደ ልቧ ነው። "እኔ እወስዳታለሁ፣ እትዬ" አለችኝ። ውሰጃት አልኳት። ይኸው አሥር ዓመት ወሰደቻት።

በአሥሩ ዓመት ውስጥ እህቴ ትምህርቷን ጨረሰች፣ ሥራ ያዘች፣ ሶለንቱና የራሷን አፓርታማ አገኘች፣ ከዚያም አንዲት ዳማ ባዝራ ገዛች። ገዝታ ብትተዋት ምን ነበረበት? ልጄን ጠርታ "የሁለታችን ናት" አለቻት። የሁለታችን። ሰው ለሰው ልጅ እንደዚህ ያለ ቃል ይሰጣል? እኔና ልጄ በጋራ ያለን ንብረት አንድ የፀጉር ማድረቂያ ብቻ ነበር፤ እሱም ሁልጊዜ ሲፈለግ አይገኝም።

ሰው ሁሉ ፈረስ የምፈራ ይመስለዋል። አልፈራም። ፈረስ ምን አደረገኝ? የማልወደው ዓርብ ከሰዓት በኋላ የበሩ ደወል ሲጮኽ ልጄ ለእኔ "ሄይ ዶ"፣ ቻው ማለቷ ነው፣ ብላ የምትሮጥበትን አሯሯጥ ነው። ወደ ቤት ስትመለስ እንደዚያ ሮጣ አታውቅም። እሁድ አመሻሽ ላይ ጭቃ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ምግብ አለ ወይ ብላ በስዊድንኛ ትጠይቀኛለች። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሱ ግን ስዊድንኛ ነው። ውድድሩ እንዴት ነበር ስላት "ጥሩ" ትለኛለች። ከእህቴ ጋር ግን በስልክ ስለዚያው ውድድር አንድ ሰዓት ታወራለች፤ እኔ ኩሽና ውስጥ ሳህን እያጠብኩ እሰማለሁ። ውሃውን ቀስ አድርጌ የምከፍተው ለዚያ ነው።

ይሄን ሁሉ ችዬው ኖሬ ነበር። ያልቻልኩት ባለፈው ዓመት፣ ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ልትጨርስ ጥቂት ወራት ሲቀሯት የሆነውን ነው። እህቴ በስልክ ስታወራኝ፣ የማውቀው መስሏት፣ "ኡሜኦ ግን አልራቀም?" አለችኝ። ምኑ ነው ኡሜኦ አልኳት። የግድ ሆኖባት ነገረችኝ። ልጄ ለሕክምና ትምህርት ስታመለክት፣ እዚሁ ደጃችን ዩኒቨርሲቲ እያለ፣ አንደኛ ምርጫዋን ወደ ሰሜን የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ያለውን ኡሜኦን አድርጋለች። ይህንን አባቷ አያውቅም፣ እኔ አላውቅም፣ አክስቷ ታውቃለች።

ልጄን ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጠየቅኳት። ልትነግረኝ አስባ እንደነበረ፣ ግን ተሳቢው ውስጥ ሻይ እያፈሉ ሳለ ወሬው እንዲሁ እንደወጣ ነገረችኝ። እዚያ ውስጥ ሰው እንዲሁ ያወራል፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታው ደስ ይላል አለችኝ። ዝናብ። ስፖንጋ ዝናብ አይዘንብም ይሆናል።

እንግዲህ ቅናት ሲይዝ እንዴት እንደሚያሳስብ የያዘው ሰው ያውቀዋል። ሌላ እናት ብትሆን ከልጇ ጋር ቁጭ ብላ ትነጋገር ነበር። እኔ የገባኝ ልጄ የምታወራው ተሳቢ ውስጥ ስለሆነ ተሳቢ መግዛት እንዳለብኝ ነው። ለዚያውም ከእህቴ የሚበልጥ። ሐምሌ ላይ ሦስት ቀን የሚፈጅ ትልቅ የዝላይ ውድድር ነበራቸው፤ ልጄ ከኡሜኦ በፊት ያላት የመጨረሻ ትልቅ ውድድር። ያንን ሦስት ቀን የእኔ ላደርገው ቆረጥኩ።

ባለቤቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ወጣት ሳለ የጭነት መኪና ከነተሳቢው እየነዳ ነው የተማረው፤ ስለዚህ መንጃ ፈቃዱ አለው። ነገሩን ስነግረው ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ ትንሽ አየኝና፣ ፈረስ ሳይኖር የፈረስ ተሳቢ መግዛት ጋሪው ከፈረሱ ቀደመ የሚሉት ይሄ ነው አለኝ። ፈረሷ የልጃችንም ናት አልኩት። ግማሿ አለኝ። ግማሽም ፈረስ ነው ብዬ ዘጋሁት።

ተሳቢውን ኢንተርኔት ላይ ከሚሸጡ ሰዎች አገኘሁት። ስልሳ አምስት ሺህ ክሮና ከፈልኩ። ከእህቴ ተሳቢ ይረዝማል፣ ይሰፋል፣ የሰው መኖሪያው ክፍል ቁመት አስጎንብሶ አያስገባም። ሻጩ ውስጡ "ትንሽ እድሳት" እንደሚያስፈልገው ነግሮኝ ነበር። ይህችን ቃል የሚጠቀም ስዊድናዊ ካጋጠማችሁ ሽሹ። የወለሉን ላስቲክ ገልጠን ስናየው ከሥሩ ያለው እንጨት እንደ ገንፎ ሆኗል፤ ግድግዳው ክረምት ባላበው ቁጥር ሻግቷል፤ የጋዝ ምድጃው ቱቦ ተሰነጣጥቋል።

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ኩሽና ሲሠሩ የኖሩ አንድ አናጢ አሉ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ግቢያችን ድረስ መጥተው ተሳቢውን ዞረው አዩትና፣ ሃያ አምስት ሺህ ክሮና ይበቃዋል አሉኝ። ለእህቴ ተሳቢ የበቃው ሁለት አልጋና አንዲት ምድጃ ስለሆነ እኔም በወረቀት ላይ ሁለት አልጋና አንድ ምድጃ፣ ግን ደህና ደህናውን፣ ስዬ ሰጠኋቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት።

"እንግዳ ቢመጣስ?" አሉኝ።

በእውነት አፈርኩ። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ፣ ቤቷ ሰው የማይታጣባት ሴት፣ እንግዳ መቀመጫ የሌለው ቤት ስዬ ሽማግሌ ፊት አቀረብኩ። ወረቀቱን ተቀብዬ ጎንና ጎኑን አግዳሚ ወንበር ሳልኩበት፤ ስምንት ሰው ያስቀምጣል። ስምንት ሰው ከተቀመጠ ጠረጴዛ ያስፈልጋል። ጠረጴዛ ካለ ሳህን አለ፣ ሳህን ካለ ቁም ሣጥን አለ። ጋሼ ደግሞ የተጨመቀ ሰጋቱራ ለሰው ቤት አልሠራም የሚሉ ሰው ናቸው፤ ወንበሩም፣ ጠረጴዛውም፣ ቁም ሣጥኑም ሙሉ ኦክ የሚባለው ጠንካራ እንጨት ሆነ። የኩሽናውን መሥሪያ ላዩን ድንጋይ አደረጉት፣ ለእኔ ያላቸውን አክብሮት ለመግለጽ።

ሃያ አምስት ሺሁ በወለሉና በግድግዳው አለቀ። ከዚያ በኋላ ድርብ መስኮት፣ ማሞቂያ፣ የውሃ በርሜል፣ ኤሌክትሪክ፣ የጋዝ ሥራውን የሚፈትሽ ፈቃድ ያለው ሰው። እዚህ አገር ከቁሳቁሱ የእጅ ዋጋው ይበልጣል፤ ጋሼ የእጃቸውን በግማሽ ቢያስቡልኝም ኤሌክትሪክ ሠሪው ቤተ ክርስቲያናችን አይመጣም። ለበጋ ዕረፍት ያስቀመጥኩት ሄደ። ለራሴ ኩሽና እድሳት ያስቀመጥኩትም ተከተለ፤ የኩሽናዬ ቁም ሣጥን በር እስከ ዛሬ አንድ ጎኑ ተንጋዶ ነው የሚዘጋው። ስከፍል ግን አይቆጨኝም ነበር። እያንዳንዱ ክፍያ እህቴን ትንሽ ወደ ኋላ የሚገፋልኝ ይመስለኝ ነበር። ባለቤቴ ስንት ደረሰ እያለ ይጠይቀኝ ነበር፤ በኋላ ጥያቄውን ተወው። እድሳቱ ብቻውን ከመቶ ሃምሳ ሺህ ክሮና ያለፈ ዕለት እኔም መደመሩን ተውኩ።

ሲያልቅ እንደ አዲስ ቤት ተጸለየበት። ፓስተራችን መጡ፣ መዘምራኑ መጡ፣ ተሳቢው ውስጥ ያልበቃው ግቢው ላይ ቆሞ ዘመረ። የስፖንጋ ጎረቤቶቻችን መጋረጃ ገልጠው ሲያዩን ነበር። ፓስተሩ መግቢያና መውጫውን ባረኩ፣ ማዕዱን ባረኩ፣ ወንበሩ ሰው እንዳይታጣበት ለመኑ። ፈረስን ያነሳ ሰው አልነበረም። አዲስ ቤት በባዶ እጅ አይገባምና ሁሉም ይዞ መጥቷል፦ ከባድ የብረት ድስቶች፣ የአሥራ ሁለት ሰው ሳህን፣ ምንጣፍ፣ ቁመቴን የሚያክል መስታወት። ድስቶቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ገቡ፤ ሳህኑ ከወንበሩ ሥር ገባ፤ ጋሼ ደግሞ መስታወቱን እዚያው ግድግዳው ላይ በብሎን አሰሩልኝ።

እህቴም መጥታ ነበር። ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ ኦኩን በእጇ ዳሰሰችው፣ የድንጋዩን ጠርዝ ነካችው፣ መስታወቱ ውስጥ እኔን አየችኝ። ያንን ፊቷን ለማየት ነው ያን ሁሉ ብር ያወጣሁት።

"በጣም ያምራል፣ እትዬ። ከበድ አይልም?"

ቀናች አልኩ በልቤ። የምታወጣለት እንከን አጥታ ክብደት አነሳች። እስቲ ትንሽ ይምረራት፣ እኔ አሥር ዓመት ውጬዋለሁ ብዬ ተጨማሪ ኬክ ቆረስኩላት።

ልጄ ነጩን የምረቃ ቆቧን አድርጋ ከጓደኞቿ ጋር ስትጨፍር ከርማ፣ በሳምንቱ ነው ተሳቢውን በደንብ ያየችው። በሩን ከፍታ ገባችና ሁሉን ዞራ አየች። ከዚያ ወጥታ አቀፈችኝ። ስንት ጊዜዋ ነው እንደዚያ አጥብቃ ካቀፈችኝ። እንባዬ መጣ። ትከሻዋ ላይ ሆኜ እህቴን አሰብኳት፣ እንዲያውም አዘንኩላት። ልጄ ለቀቀችኝና ጎማዎቹ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ጎማውን ነካ ነካ አደረገችው። ተመዝኗል ወይ ብላ በስዊድንኛ ጠየቀች። ምኑ አልኳት። ሞስተር ሁልጊዜ ታስመዝናለች አለችኝ። ሞስተር ማለት የእናት እህት ማለት ነው፤ ስዊድንኛ ለዚህ እንኳ የተለየ ስም አለው።

በማግስቱ መኪና ወደሚመረመርበት ቦታ ጎትተን ወሰድነው። መርማሪዋ ወጣት ስዊድናዊት ናት፤ ሚዛኑን አየችው፣ ደግማ አየችው፣ ከዚያ ውስጡን ልይ ብላ ገባች። ስትወጣ በጣም ቆንጆ ነው አለች። ተሳቢው እንዲሸከም የተፈቀደለት ክብደት አለ፤ ከዚያ ላይ የራሱ ክብደት ሲቀነስ የሚተርፈው ለጭነት ነው። ለጭነት የተረፈው ከአራት መቶ ኪሎ በታች ነበር። ባዝራይቱ ስድስት መቶ ልትሞላ ምንም አይቀራት። ትንሽ ፈረስ፣ ልጆች የሚጋልቡት ዓይነት፣ ሊሄድበት እንደሚችል በትሕትና ነገረችን።

ባለቤቴ ሳቀ። ልጄ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ። እኔ አልሳቅሁም። ቀኑን ሙሉ በሚሊግራም መድኃኒት ስመዝን የምውል ሰው ነኝ። ለስምንት እንግዳ ቦታ አውጥቼ ለፈረስ ቦታ አጥቻለሁ። ከሁሉ ያቃጠለኝ ግን ኪሎው አይደለም፤ እህቴ ከበድ አይልም ያለችው በቅናት ሳይሆን በትክክል መሆኑ ነው።

ልጄ ያን ዕለት ማታውኑ መፍትሔ አመጣች። ባዝራይቱ በእህቴ ተሳቢ ትሄዳለች፣ የእኛ ደግሞ ያለ ፈረስ ይሄዳል፤ ሁላችንም እንሄዳለን። የኦኩን ወንበርና ድንጋዩን እናንሳ ያለ ቢኖር ልጄ ነበረች፤ አንድ ጊዜ አለችው፣ ፊቴን አይታ ተወችው።

ውድድሩ ወደ ኡፕሳላ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ ነበር። ሁለቱን ተሳቢዎች ጎን ለጎን አቆምናቸው፤ የእህቴን ባለ ገመዱንና የእኔን ባለ ሳሎኑን። ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው አልኩ በልቤ። ልጄ ሦስት ቀን እዚህ ናት፣ የት እንደምትተኛ እናያለን።

የመጀመሪያው ቀን የእኔ ነበር። ወሬው ሜዳውን አዳርሶ የማላውቃቸው ስዊድናውያን በሩ ላይ ቆመው ማየት ይቻላል ወይ ይሉኛል። ግቡ እላለሁ። ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ፣ ስምንቱ ወንበር ሞላ፣ አልጫ ወጥና ዳቦ አቀረብኩ፤ ከመቁረሳቸው በፊት ሹካ ፈለጉ። አንዲት እናት እድሳቱ ስንት ፈጀ ብላ ጠየቀችኝ። እዚህ አገር ሰው ደሞዝ አይጠየቅም፣ የእድሳት ዋጋ ግን ይጠየቃል። ግማሹን ነገርኳት፤ ለግማሹም ቅንድቧ ተነሳ። ልጄ ከጓደኞቿ ጋር መጥታ በላች፣ እናቴ ናት የሠራችው አለቻቸው፣ ደግማ በላች። እህቴ ውጭ ባልዲ ይዛ ለባዝራይቱ ውሃ ስታመላልስ በድርቡ መስኮት አየኋት። እንድትገባ ጠራኋት። እጄ ቆሻሻ ነው አለች።

በስዊድን ሐምሌ ፀሐይ አትጠልቅም ማለት ይቻላል። እንግዶቹ ሄደው፣ ሳህኑን አጥቤ፣ ለልጄ አዲሱን አንሶላ እያነጠፍኩ ሳለ ትራሷን በብብቷ ይዛ ስትወርድ አየኋት። ወዴት አልኳት። ባዝራይቱ አዲስ ቦታ ስትሆን እንደምትጨነቅ፣ የታጠረላት ከሞስተር ተሳቢ አጠገብ ስለሆነ እዚያ ከተኛች በግድግዳው በኩል እንደምትሰማት ነገረችኝ። ጉንጬን ሳመችኝና ሄደች። ገመዱ ሲፈታ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ሳቅ ሰማሁ፤ የሁለቱን። ጋሼ ግድግዳዬን ድምፅ እንዳያስገባ አድርገው ቢሠሩትም ሰማሁት።

ጠዋት ልጄ ባዝራይቱን ልታሟሙቅ ሜዳ ስትወጣ እህቴ ጋ ሄድኩ። ቁጢጥ ብላ ልጓም በስፖንጅ ትጠርግ ነበር። ያበጠው ይፈንዳ ብዬ ነው የሄድኩት። ቤት አለኝ፣ አልጋ አለኝ፣ እናት እኔ ነኝ፣ ያቺ ልጅ ግን በዓመት ውስጥ ለእኔ ያላወራችውን ለአንቺ በአንድ ሌሊት ታወራለች አልኳት። ሌላም ብዙ አልኩ። መጨረሻ ላይ "ልጄን መልሽልኝ" አልኳት።

እህቴ ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ጣለችው። ከልጅነቷ ጀምሮ ከእኔ ጋር አፍ ተካፍታ አታውቅም።

"በየእሁዱ የምመልስልሽ እኔ አይደለሁም?" አለችኝ። "አሥር ዓመት ሙሉ፣ እትዬ። በርሽ ላይ አወርዳታለሁ፤ ልጅሽ ገብታ በሩ ይዘጋል። ከዚያ ብቻዬን ሶለንቱና እገባለሁ። አንድ እሁድ እንኳ አስቀርቼብሽ አውቃለሁ?"

አዘንኩላት ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ግን ደስታ ነው። ቀንታብኛለች፣ አሥር ዓመት ሙሉ እኔን ስታይ ኖራለች ብዬ ልቤ ዘለለ። እሷ ልጓሙን አንስታ ያንኑ የጠረገችውን ቦታ ደግማ ትጠርግ ጀመር። እኔ ወደ ሳሎኔ ተመለስኩ። ልጄ በቀሩት ቀናትም የተኛችው እዚያው ነው፤ ባዝራይቱ አንድ የዝላይ እንጨት ጥላ አራተኛ ወጡ።

ከውድድሩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የኡሜኦ መልስ መጣ፤ ተቀብለዋታል። ይህን እንኳ መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ እህቴ ሥራ ላይ ሆና ስልኳን አላነሳችም ነበር። ተሳቢው ግቢያችን ቆሞ ቀረ። የዋጋውን ግማሽ ልስጥሽ ያለኝ አንድ ጡረተኛ አለ፤ ፈረስ የለውም፣ እንግዳ ይበዛበታል። እስካሁን እያሰብኩበት ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ልጃችንን ኡሜኦ ያደረስናት እኔና ባለቤቴ ነን። እህቴ ሥራ አለኝ ብላ ቀረች። ቀኑን ሙሉ ነዳን። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ አልጋዋን አነጠፍኩላት፣ መጋረጃ ሰቀልኩላት፣ የማነጥፈውም የምሰቅለውም ሲያልቅብኝ መስኮቱን ጠረግሁላት። በመጨረሻ አቅፋን በር ላይ ቆመች። ከመዝጋቷ በፊት አንድ ነገር ትዝ አላት። ሞስተርን የባዝራይቱ የፊት ቀኝ እግር የብረት ጫማ ላልቷልና ጫማ አድራጊውን እንድትጠራ ንገሪያት አለችኝ። የመጨረሻ ቃሏ ይሄ ነው። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

መንገድ ላይ መልእክቱን ልውጠው አስቤ ነበር። የፈረስ ጫማ ልጄ ከእኔ ስትለይ የምታስበው ነገር ነው? ባለቤቴ ነዳጅ ሊቀዳ ሲቆም ግን ደወልኩላት። አንድ ጊዜ ጮኾ አነሳችው፤ ስልኩን በእጇ ይዛ ነበር ማለት ነው። ደረሰች ወይ አለችኝ። ደርሳለች አልኳት። ስለ ጫማው ነገርኳት። እሺ አለችና ሌላ ነገር እንደምትጠብቅ ሰው ስልኩን ሳትዘጋ ቆየች። ባለቤቴ ከፍሎ ሲመለስ በመስታወቱ አየሁት።

"ደግሞ ሞስተርን ሳሚልኝ ብላለች" አልኳት። "ናፍቃኛለች በያት ብላለች።"

እህቴ ስታለቅስ ሰማሁ፤ ስልኩን ራቅ አድርጋ ይዛ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ልጄ ይህን አላለችም። የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እንደዚያም ሆኖ፣ ስልኩን ዘግቼ መኪናው ሲነሳ፣ ልጄ ያላለችውን ሰላምታ እህቴ በማግኘቷ ቀናሁ።